ክቡር ቨርሊን እና የኋላ ፓራውልታቸው

የሚወስን ሰው ጠላት ያፈራል፤ የማይወስን ሰው ግን አገሩን ሁሉ ሥራ ያስይዛል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ በሁለት እጁ ሁለት ሽንኩርት ይዞ አላፊ አግዳሚውን "የቱ ይሻላል?" የሚለው እሱ ነው። ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጇን፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ባልና ሚስት፣ ሒሳብ ከፍሎ የሚወጣውን ሰውዬ ሳይቀር ካማከረ በኋላ "እስቲ ትንሽ ላስብበት" የሚለውም እሱ ነው። አንገት የተፈጠረለት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ እንዲጠይቅበት ብቻ ይመስለኛል።

በእኛ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ቨርሊን ስታኪ ናቸው። ከተማችን በምዕራብ ኮሎራዶ፣ ተራራው አልቆ ቀዩ ድንጋይ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ናት፤ ሰዉ ለቤቱ ጣሪያ ከሚጨነቀው ይልቅ ለመኪናው ጎማ ይጨነቃል። ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። በሥራ ላይ ሳሉ መንገዱም፣ ማቆሚያውም፣ ሰዓቱም በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸው ነበር። ጡረታ የወጡ ዕለት ወረቀቱ ተወሰደባቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ግራ እንደገባቸው አሉ። እኔን የአጥር ጎረቤታቸው ያደረገኝ የትኛው ኃጢአቴ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ክቡርነታቸው "እሜቴ" ብለው የሚጠሯት የሠላሳ ስምንት ዓመት ላንድክሩዘር አለቻቸው። ያለፈው ዓመት ከአንድ ቋጥኝ ላይ ስትወርድ የኋላ ፓራውልቷ፣ ያ ከኋላ ለሚመጣባት ሁሉ ደረቱን የሚሰጥላት ብረት፣ ድንጋዩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዝገት በልቶ ጨርሶት ስለነበር ሲነቀል ድምፅ እንኳ አላሰማም። ክቡርነታቸው ወርደው አዩትና "ምንም አይደል፣ ሌላ አሠራለሁ" አሉ። ለእሜቴ ዕድሜ የሚሆን ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ በያጅ ዘንድ ሄዶ በልክ ማሠራት ነው። በልክ ማሠራት ማለት መምረጥ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህን አላሰብንበትም።

ፓራውልት ቢጠፋስ ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። ማኅበር አለን። በየዓመቱ የአጋዘን አደን ከመከፈቱ በፊት ባለው ቅዳሜ መኪኖቻችንን አሰልፈን "የበቅሎ ጆሮ" የሚባለውን ዓለት እንወጣለን። ሰልፉን ከፊት የምትመራው የከብት መኖ ሱቅ ያላት ኮርሊስ ሃውፕት ናት፤ ከኋላ የሚዘጋው ደግሞ "ጅራት" ይባላል። ጅራት ሁሉም ሰው እስኪወጣ ከታች ይጠብቃል፣ የተቸገረ ካለ ይጎትታል፣ በመጨረሻ ራሱ ወጥቶ በሬድዮ "ጅራት ወጥቷል፤ ሁሉም ወጥቷል" ይላል። ይህ ቃል ሳይሰማ ማንም የምሳ ዕቃውን አይከፍትም። ክቡር ቨርሊን ሃያ ሁለት ዓመት ጅራት ነበሩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆጥሩ ተናግረውት አያውቁም፤ በአውቶቡሱ ዘመንም ቁልፉን ከማጥፋታቸው በፊት እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደው ሥሩን የሚያዩ ሰው ነበሩ።

የማኅበሩ ደንብ ታዲያ ጅራት የሚሆን መኪና ከኋላው ሁለት መጎተቻ ቀለበት ያለው ጠንካራ ፓራውልት ሊኖረው ይገባል ይላል። ኮርሊስ ያን ዕለት ባዶ የቀረውን የእሜቴን ጀርባ አየችና፣

"ቨርሊን፣ በሚመጣው ዓመት ሁለት ቀለበት ካላየሁ ጅራቱን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው" አለች።

"አንድ ዓመት ሙሉ?" አሉ ክቡርነታቸው እየሳቁ። "በዚህ ጊዜ ስንት ብረት ይሠራበታል!"

ሁላችንም ሳቅን። ስንስቅ ደግሞ አንዳችንም አላፈርንም።

ጥያቄው የጀመረው በማግስቱ ነው። ብረቱ ከወፍራም ላሜራ ይቆረጥ ወይስ ከቱቦ ይታጠፍ? ስኮርታ ጎማው ከኋላ ባለ ክንድ ላይ ይሰቀል ወይስ ውስጥ ይቀመጥ? ክንዱ ወደ ግራ ይከፈት ወይስ ወደ ቀኝ? ጥጉ ድንጋይ እንዳይነካ ወደ ላይ ይቆረጥ ወይስ ጎኗን እንዲሸፍን ይርዘም? በብሎን ይታሰር ወይስ በብየዳ? ጥቁር ይቀባ ወይስ ፀሐይ እንደወደደች ታድርገው? እኔ መኪናዬን ከነፓራውልቷ ነው የገዛኋት። ስንት ነገር ሳላስብ እንደኖርኩ ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው።

እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያልቀው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ "አንተስ ምን ትላለህ?" ሲሉ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል ያደርጋሉ፣ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ይተከላል፣ መልሱ የሰማይና የምድር ጉዳይ ይመስላቸዋል። እኔ እንደሆንኩ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። "እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ ቨርሊን" እላለሁ፤ ቆሻሻ ላወጣ ነው እላለሁ፤ አንድ ጊዜማ ያወጣሁትን ቆሻሻ መልሼ ይዤ ገብቻለሁ። ሌላው ሰው ግን እንደኔ ብልጥ አልነበረም፣ ይመልስላቸዋል። የጥርስ ሐኪማችን ፕሩዊት ሁለት እጁን አፋቸው ውስጥ እንደከተተ ተጠይቆ "የነዳጅ ጀሪካን መስቀያ አድርግበት" ብሏል። ይህን ያለው እሱ ራሱ በየዓመቱ መንገድ ላይ ነዳጅ ስለሚያልቅበት ነው። አንድ ቀብር ላይ ደግሞ ክቡርነታቸው እጅ ለመንሳት ተሰልፈው ሳለ ተራቸው ሲደርስ የሟችን ሚስት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ካጽናኑ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

"ወደ ግራ ይከፈት" አለች መበለቲቱ እንባዋን እየጠረገች። "እሱም ግራኝ ነበር።"

ታምሩ ይህን ሁሉ ሰምተው አለመወሰናቸው ነው። አንድ ሰው ግራ ካለ፣ ቀኝ የሚል እስኪያገኙ ይዞራሉ፤ ቀኝ የሚል ሲያገኙ ደግሞ "አየህ፣ ነገሩ እንዳሰብነው ቀላል አይደለም" ብለው ረክተው ይመለሳሉ። በሽታው ተላላፊ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ማቀዝቀዣዬን ከፍቼ በሩ ወደ ቀኝ መከፈቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም እያልኩ ሳሰላስል የያዝኩት ወተት ሞቀ።

ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ካርቶኑ መጣ። በእኛ አካባቢ በያጅ ብረት ከመቁረጡ በፊት በካርቶን መለካት የተለመደ ነው፤ ካርቶን ቢሳሳቱበት አያሳዝንም። ሌላው ሰው ካርቶኑን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ በሁለተኛው ቀን ለበያጁ ያስረክባል። ክቡር ቨርሊን ግን ከማቀዝቀዣ ማሸጊያ ሙሉ ፓራውልት ሠርተው፣ በሰፊ ፕላስተር እሜቴ ላይ ለጥፈው፣ "በዓይን እስክለምደው" ብለው ይነዱት ጀመር። ሦስት ወር! ወደ ቤተ ክርስቲያን በእሱ፣ ወደ ገበያ በእሱ። ሐሳብ የሰጠ ሰው ሁሉ ሐሳቡ በሰማያዊ እስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ይሣላል፣ ከጎኑ ስሙ ይጻፋል። "የፕሩዊት ጀሪካን።" "የጆኔል ጠረጴዛ።" ጆኔል ሚስታቸው ናት፤ በየጉዞው ሽንኩርት የምትከትፈው ጉልበቷ ላይ ስለሆነ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ጠይቃለች። ሲዘንብ ካርቶኑ ይሟሽሽና ክቡርነታቸው ከነስሙ እንደገና በአዲስ ካርቶን ይገለብጡታል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የተባለው ለእሜቴ ሳይሆን አይቀርም።

በሰኔ ፖሊስ አስቆማቸው። ፖሊሱ ታነር ነው፣ የማኅበራችን ልጅ፤ ልጅነቱን በሙሉ በክቡርነታቸው አውቶቡስ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው የጨረሰው። እኔ ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ሚስተር ስታኪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ካርቶን ነው?"

"ለጊዜው ነው፣ ልጄ።"

"ታርጋዎን ሸፍኖታል እኮ። ደግሞ 'ወደ ግራ፣ ጥያቄ ምልክት' የሚል ተጽፎበታል። ከኋላዎ የሚመጣው ሰው ሊታጠፉ ነው ብሎ ግራ ይጋባል።"

"እኔም ግራ ገብቶኛል" አሉ ክቡርነታቸው ከልባቸው። "አንተስ ምን ትላለህ?"

ታነር ሊቀጣ የመጣ ሰው ነው። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፣ ካርቶኑን ዞሮ አየ፣ ቁጢጥ አለ። በመጨረሻ "ታርጋው ወደ ጎን ይውጣና የራሱ መብራት ይኑረው" አለ። ክቡርነታቸው እስክሪብቶ አቀበሉት። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዴት እንደሚያሳምር ልጅ ሆኖ አውቶቡሱ ወንበር ላይ ሲጽፍ ያዩ ስለነበር፣ አሁን ሲጽፍ አይተው ሳቁ። ቅጣቱ በዚያው ተረሳ።

በያጁ ዩሴቢዮ አርቹሌታ ይባላል። እጁ ወርቅ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን ከአንድ ኤሌክትሮድ አይረዝምም። በነሐሴ አጥሬ ጋ መጥቶ፣

"ያንን ጎረቤትህን አንድ በለው!" አለኝ። "ብረቱን በመጋቢት ገዝቼ አስቀምጬለታለሁ። አሁን ድመቴ ወልዳበታለች።"

"እኔ ምን ልበለው?"

"ምረጥ በለዋ! ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል? ሁሉም ብረት ነው፣ ሁሉም ይዝጋል!"

ይህን ብሎ ሊሄድ ሲል ክቡርነታቸው በአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። "ዩሴቢዮ! ክሪኳን የት ላስቀምጣት? አንተስ ምን ትላለህ?" ዩሴቢዮ ረግሞ ሊሄድ ነበር፤ ነገር ግን ሙያ ክፉ ነው፣ ተመለሰ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ክሪክ የት መሰቀል እንዳለባት አስረድቶ ስሙን ካርቶኑ ላይ ጽፎ ሄደ።

መስከረም ሲገባ ግን ሳቁ አለቀ። ኮርሊስ ጅራቱን ማን ይያዘው ብላ ሰው ማነጋገር መጀመሯ ተሰማ። በዚያው ሰሞን ጆኔል ወደ እኔ መጣች። እሷ ቀልደኛ ሴት ናት፣ ያን ቀን ግን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ያለችው ለቀልድ አልነበረም።

"ሌሊት አይተኛም" አለች። "እየተነሳ መኪናዋን ሊያይ ይወጣል። አውቶቡሱን ሲያስረክብ እንኳ እንዲህ አልሆነም፤ 'ግድ የለም፣ ቅዳሜዬ አለችኝ' ብሎ ነበር። ያቺን ጅራት ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል?"

"ታዲያ ለምን አይወስንም?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ያገባኝ ወስኖ ይሁን ተሳስቶ አላውቅም።" ሳቀች፣ ወዲያው ተወችው። "አንድ ነገር በለው። ከሁሉ ያንተን ሐሳብ ይፈልጋል፤ አንተ ብቻ ነህ ያልመለስክለት።"

አፈርኩ። ሄጄም ልነግራቸው ተነሳሁ፤ ግን ምን እንደምል ግራ ገባኝ። ግራ ወይስ ቀኝ? ሁለት ጊዜ እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩ። ሳላውቀው ለካ እኔም እሳቸውን ሆኛለሁ።

ቅዳሜው አምስት ቀን ሲቀረው ዩሴቢዮ ጋራዥ ውስጥ አገኘኋቸው። ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ከስሙ ብዛት የዕድር መዝገብ ይመስላል። ዩሴቢዮ ቀይ እስክሪብቶ እጃቸው ውስጥ ከትቶ "የማይፈለገውን ሰርዝ፣ የቀረውን እበይዳለሁ" ብሏቸዋል። ክቡርነታቸው እስክሪብቶውን ከስም ወደ ስም ያዞራሉ። ፕሩዊት ላይ ይቆማሉ፣ ያልፋሉ። መበለቲቱ ላይ ይደርሳሉ፣ ይመለሳሉ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል።

"አንዱን ብቻ ሰርዝ" አለ ዩሴቢዮ እየለመነ። "ጠረጴዛውን ሰርዝ።"

"ሽንኩርቱን የት ትክተፈው?"

"እሺ ጀሪካኑን።"

"ፕሩዊት እኮ እንደገና ነዳጅ ያልቅበታል።" እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "አልችልም፣ ዩሴቢዮ። የሰው ስም እንዴት እሰርዛለሁ?"

ያን ጊዜ ዩሴቢዮ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና ጣሪያውን አየ። "በቃ" አለ። "ካርቶኑ ላይ ያለውን በሙሉ እሠራዋለሁ። በሙሉ! ከዚያ ፊቴ እንዳትደርስ።"

ሠራው። አምስት ቀን ሙሉ የብየዳው ብልጭታ ከጋራዡ አልጠፋም። ዓርብ ከሰዓት ሊገጥሙት ሲሉ ማንሻው አቃስቶ ቆመ፤ አራት ሰው ተጠራ። ሁለት ቀለበት፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የሁለት ጀሪካን መስቀያ፣ የክሪክ ማቆሚያ፣ ባለ መብራት የታርጋ ቦታ፣ ወደ ግራ የሚከፈት የስኮርታ ክንድ፣ ደግሞም ወደ ቀኝ ላሉት ሰዎች ሲባል ወደ ቀኝ የሚከፈት ሌላ ትንሽ ክንድ። ሌላም የማን እንደሆነ ያላየሁት ጉብታ ነገር ነበረበት። ሲለቀቅ ባሌስትራዎቿ ጠፍ ብለው ተኙ፤ የእሜቴ ጀርባ መሬት ሊነካ ደረሰ፣ ፊቷ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ዩሴቢዮ ዞሮ ዞሮ አያት። "ብየዳዬ አይለቅም" አለ በመጨረሻ። "ሌላውን እግዜር ያውቃል።"

ቅዳሜ ጠዋት ኮርሊስ መጣች። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀቻቸው፤ እሜቴ ንቅንቅ አላለችም። ኮርሊስ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ያንን ሁሉ ብረት አየች።

"ደንቡ የሚለው ሁለት ቀለበት ነው" አለች። "ሁለት ቀለበት አይቻለሁ። ስለ ቀረው ደንቡ የሚለው የለም። ጅራቱ ያንተ ነው፣ ቨርሊን።"

ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምንም አልጠየቁም፣ ዓይናቸው ብቻ ረጠበ።

የበቅሎ ጆሮ አንድ ቤት የሚያክል ቀይ ዓለት ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፉ ላይ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ በዚያው በግራው ገደል ነው። ኮርሊስ ወጣች። ዩሴቢዮ ወጣ፣ ታነር ወጣ፣ ፕሩዊት መንገድ ላይ የተሰጠውን ጀሪካን ነዳጅ ጨምሮ ወጣ። እኔ ጆኔልን ይዤ ወጣሁ፤ ከባሏ ጋር የማትሄደው በየድንጋዩ "ግራ ወይስ ቀኝ?" እያለ ስለሚያስጨንቃት ነው። ሁላችንም ላይ ሆነን ጠበቅን። የምሳ ዕቃው ሁሉ ተዘግቷል።

እሜቴ ጀመረች። ግማሽ ደረሰች። ከዚያ የፊት ጎማዎቿ መሬቱን ለቀው፣ ቀስ ብለው፣ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ክቡርነታቸው ወደ ታች መለስ አሉ። እንደገና ሞከሩ፣ ጎማዎቹ እንደገና ተነሱ። ያ ሁሉ ብረት ጀርባዋን ወደ ታች ይጎትታታል።

"ጅራት፣ ምን ሆነሃል?" አለች ኮርሊስ በሬድዮ።

"ሰማይ እያየሁ ነው።"

"ብረቱን ፈተን እናውርድልህ።"

"ተበይዷል" አለ ዩሴቢዮ ከጎኔ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። ከላይ በካቦ መጎተትም አልሆነም፤ መንገዱ ጫፉ ላይ ስለሚጠመዘዝ ካቦው የሚስባት ወደ ገደሉ ነው። ኮርሊስ ሬድዮውን እንደያዘች ወደ ጫፉ ተጠጋች። እኔ ከጫፉ ላይ ቁልቁል ሳያት እሜቴ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ትመለሳለች። ከታች ደርሳ ቆመች።

ከዚያ የክቡርነታቸው ድምፅ በሬድዮ መጣ። "እናንተ ሂዱ። ቆጥሬያለሁ። ሁሉም ወጥቷል።"

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብኝ፤ ልቤ አልቻለም። ያ ከታች የቆመው ቨርሊን ነበር፣ ጎረቤቴ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ሳይወስን የከረመ ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማንንም "አንተስ?" ሳይል ወሰነ። የወሰነውም ራሱን ላለመቁጠር ነው። ሬድዮውን ከኮርሊስ እጅ ነጥቄ አንድ ነገር ልለው ፈለግኩ፤ እንደ ልማዴ ቃል አጣሁ። ጆኔል ግን ቃል አልፈለገችም፤ ጫማዋን አጥብቃ ቁልቁለቱን ጀመረች። ከኋላዋ ፕሩዊት ወረደ፣ ከዚያ ኮርሊስና ታነር፣ ከዚያ ዩሴቢዮ በሁለት ቋንቋ እየተራገመ። እኔ ጉልበቴን ይዤ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ከሁሉ በኋላ ደረስኩ።

ቨርሊን መስኮቱን አወረደ። "ምን ልትሆኑ ወረዳችሁ? ሂዱ አልኩ እኮ!"

ኮርሊስ ወገቧን ይዛ የኋላውን ብረት፣ ከዚያ የቆምነውን ሰዎች አየች። "እዚያ ካርቶን ላይ ስሙ የተጻፈ ሁሉ" አለች፣ "ከፊት ይሳፈር።"

ለአፍታ አልገባንም። ከዚያ ጆኔል ኮፈኑ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። ፕሩዊት አጠገቧ ተቀመጠ። ዩሴቢዮ፣ ታነርና ኮርሊስ የፊቱ ፓራውልት ላይ ቆመው የኮፈኑን ጠርዝና እርስ በርሳቸውን ያዙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኛ ሎሚውን ለአንድ ሰው አሸክመነው ኖሯል።

"እኔ ስሜ የለም" አልኩ። "ምንም አላልኩትም።"

"ውጣ!" አሉ በአንድ ድምፅ። ታነር ከክንዴ ስቦ ኮፈኑ ላይ ጣለኝ።

እሜቴ እንደገና ጀመረች፣ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት። ዞር ስል ከመስታወቱ በስተጀርባ የቨርሊን ፊት ይታየኛል፤ መንገዱ አይታየውም፣ ከፊቱ ያለው ሁሉ የእኛ ጀርባ ነው። "ግራ!" ስንል ወደ ግራ፣ "ቀኝ!" ስንል ወደ ቀኝ ይነዳል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምክር በዚህ ፍጥነት ተቀብሎ አያውቅም። ግማሹ ጋ ስንደርስ ጎማዎቹ ለመነሳት ቃጣቸው፤ ፕሩዊት "በስመ አብ" ብሎ ወደ ፊት ተደፋ፤ ጎማዎቹ ወረዱ። ጫፉ ላይ ተጠመዝዘን ሜዳው ላይ ቆምን። ማንም አልወረደም፤ እየተያየን እንስቃለን።

ያን ጊዜ ቨርሊን ከጋቢናው ውስጥ ሬድዮውን አነሳ። ሁላችንም ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነን እያየነው በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠረን። ከዚያ ጣቱን ወደ ራሱ ደረት መለሰና ራሱን ጨመረ። "ጅራት ወጥቷል" አለ፤ ድምፁ በመስኮቱም በሬድዮዎቹም ተሰማ። "ሁሉም ወጥቷል።"

ምሳ ላይ የሽንኩርቱ መክተፊያ በቦታው ነበር። እኔ ውኃ ላወጣ ወደ እሜቴ ጀርባ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ጉልበቴ አላወጣኝ ብሎ ጠርዙን ይዤ ስንገታገት እግሬ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ያ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት ጉብታ መርገጫ ነው። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ እንዳያንሸራትት ላዩ የተቦጫጨረ።

"ይሄ የማን ነው?" አልኩት።

"ያንተ ነዋ።"

"እኔ መቼ አልኩህ?"

"አላልክም" አለ ቨርሊን። "ሰው ሁሉ ተናግሮ አንተ ብቻ ዝም ስትል፣ ስትወጣና ስትወርድ አየሁህ። የግራ ጉልበትህን ትይዛለህ። ለዚህ ነው በግራ ያደረግኩት።" ከዚያ በፍርሃት አየኝ። "ተሳሳትኩ እንዴ?"

አልተሳሳተም። ረግጬ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ፤ የሚያስፈልገኝ ውኃ አልነበረም። እሱ በዚህ መሃል ዞሮ የእሜቴን ፊት ያያል፤ አሁንም ወደ ሰማይ ቀና እንዳለች ናት። አገጩን አሸት አድርጎ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ይህን ዘንበል ማለት አውቀዋለሁ፤ ድሮ ቢሆን ቆሻሻ ላወጣ ሄጄ ነበር።

"ሚዛኗን ለማስተካከል ከፊትም ከባድ ብረት ሳያስፈልጋት አይቀርም" አለ። "ከላሜራ ይሁን ከቱቦ ግራ ገብቶኛል። አንተስ ምን ትላለህ?"

ከምሳ ዕቃዬ ካርቶን ላይ ክዳኑን ቀድጄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና እስክሪብቶውን ከኪሱ ወሰድኩበት።

"ቁጭ በል" አልኩት። "ብዙ ነው የምለው።"